ለችግኝ ጣቢያ ሠራተኞች የሥራ ጫማና ልብስ በአነስተኛ ወጪ ስለ ማዘጋጀት

ስለ አፈር ቅልቅል፣ ስለ መደብ አሠራርና ስለ ችግኝ አጠጣጥ ለልማት ሠራተኞች የተዘጋጁ ጽሑፎች ብዙ ናቸው። አፈሩን የሚነፋው፣ ፕላስቲኩን የሚሞላውና ውሃ የሚያመላልሰው ሰው ምን ተጫምቶና ምን ለብሶ መሥራት እንደሚገባው ግን እምብዛም አይነሣም። በጣቢያው በጀት ውስጥ አካፋ፣ ወንፊት፣ ውሃ ማጠጫና ፕላስቲክ በየስማቸው ይመዘገባሉ። ጫማ ግን «ልዩ ልዩ ወጪ» ከሚለው ሥር ይገባና ገንዘብ ሲያጥር በመጀመሪያ ይሰረዛል።

ይህ ጽሑፍ የራሳቸው የችግኝ ጣቢያ ላላቸው የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ጣቢያዎቹን ለሚረዱ የልማት ሠራተኞች የቀረበ ነው። ገንዘቡ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ አስቀድሞ ለጫማ ይዋል። ጫማውም ሠራተኛው ወደ ቤቱ የሚወስደው ሳይሆን በጣቢያው የሚቀር ይሁን። የዚህ ምክንያት ከዚህ በታች ተገልጿል።

የጣቢያው አፈርና እግር

የችግኝ ጣቢያ በበጋም ቢሆን የማይደርቅ ቦታ ነው። በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ውሃ ይጠጣል፣ ጥላ ይደረግለታል፣ አፈሩ ለስላሳና ብስባሽ የበዛበት ነው። ለችግኝ የተመቸው ይህ ሁኔታ ለሁክዎርም ትልም ይመቻል። የትሉ እንቁላል ከሰው ዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ በእርጥብና ጥላ ባለው አፈር ውስጥ ይፈለፈላል፤ እጩም ባዶ የሆነውን እግር ቆዳ በስቶ ወደ ሰውነት ይገባል። ትሉ አንጀት ውስጥ ሆኖ ደም ስለሚመጥ ሠራተኛው ይገረጣል፣ ቶሎ ይደክማል። በእርጉዝ ሴት ላይ ደግሞ ጉዳቱ ይከፋል። የደን አፈርና ብስባሽ ከየአካባቢው እየተጫነ ስለሚመጣ ከየት እንደ ተወሰደ ሁልጊዜ አይታወቅም። በጣቢያው አጠገብ መጸዳጃ ከሌለ ደግሞ ጫማ ብቻውን አያድንም።

በቀይ አፈር አካባቢ ያለው ችግር ከዚህም የከበደ ነው። በደጋና በወይና ደጋ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸውና በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚያገኙ ቦታዎች፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ ሸክላ አፈር ላይ ለብዙ ዓመት በባዶ እግር የሚሠራ ሰው እግሩ ሊያብጥ ይችላል። ሕዝቡ ይህን በሽታ ዝሆኔ ይለዋል። በቆላ በትንኝ አማካይነት የሚመጣ ሌላ ዝሆኔም ስላለ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ የሠሩት እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ባደረጓቸው ጥናቶች የደጋው ዝሆኔ ከአፈሩ የሚመጣ እንጂ በትንኝ የሚተላለፍ እንዳልሆነ አስረድተዋል። በአፈሩ ውስጥ ያለው እጅግ የደቀቀ ቅንጣት በእግር ቆዳ በኩል ገብቶ ፈሳሽ የሚመላለስባቸውን ቧንቧዎች ያውካል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የእርግማን ውጤትም አይደለም። በአንዳንድ ቤተሰብ ላይ የሚበዛው የመጠቃት ዝንባሌው በዘር ስለሚወረስ ነው።

ስለዚህ በወላይታም ሆነ በጎጃም ቀይ አፈር ላይ ጣቢያ ያቋቋመ ማኅበር ለሠራተኛው ጫማ ሲገዛ ሊድን የሚችል እግር እያዳነ መሆኑን ይወቅ። የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች የእግር ጫፍና ጀርባ ማሳከክ፣ የማቃጠል ስሜት፣ ቀን አብጦ ሌሊት የሚመለስ እብጠት ናቸው። በዚህ ጊዜ ሠራተኛው እግሩን በየቀኑ በሳሙና ታጥቦ፣ አድርቆና ቅባት ቀብቶ የተሸፈነ ጫማ ቢያደርግ በሽታው እንዳይገፋ ማድረግ ይቻላል። የልማት ሠራተኛው እንዲህ ያለ ሰው ሲያጋጥመው ወደ ጤና ጣቢያ ይላከው። እግሩ ስላበጠ ከሥራ ማሰናበት ስሕተት ነው፤ ሌሎቹ ሠራተኞችም ሕመማቸውን እንዲደብቁ ያደርጋል።

ሚስማር፣ የሽቦ ቁራጭና የጠርሙስ ስባሪም በጣቢያ አይጠፋም። በአፈርና በፍግ የተበከለ ቁስል መንጋጋ ቆልፍ ያመጣል። ቢልሃርዝያ ባለበት አካባቢ ደግሞ ከወንዝ ወይም ከኩሬ ውሃ የሚቀዳ ሠራተኛ ባዶ እግሩን ውሃ ውስጥ መግባት የለበትም።

ጫማ ያለው ሠራተኛ ለምን አውልቆ ይሠራል?

በብዙ ጣቢያዎች ጠዋት በበሩ ላይ የሚታይ ነገር አለ። ሴቶቹ ጫማቸውን አውልቀው በፌስታል ጠቅልለው ከአጥሩ ሥር ያስቀምጣሉ። ማታ እግራቸውን ታጥበው ያንኑ አጥልቀው ይሄዳሉ። ይህን ያየ አንዳንድ የጣቢያ ኃላፊ «ጫማ አላቸው፣ ማድረግ ግን አይወዱም» ሲል ይሰማል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ያቺ አንዲት ጥንድ ጫማ ለገበያም፣ ለቤተ ክርስቲያንም፣ ለለቅሶም የምታገለግል ናት። በጭቃ ከተበላች ሌላ የለችም። ለእነዚህ ሴቶች ስለ ጫማ ጥቅም ትምህርት ከመስጠት ይልቅ ሁለተኛ ጫማ መስጠት ይሻላል።

የሥራ ጫማ በጣቢያው ይቀመጥ የምንለው በዚህ ምክንያት ነው። ወደ ቤት ከሄደ ወይ ለክት ይቀመጣል፣ ወይ ለባል ወይም ለልጅ ይተላለፋል። ይህን እንደ ስርቆት መቁጠር አይገባም፤ ችግር ያመጣው ነው። በጣቢያው መግቢያ ላይ ከአጣና የተሠራ መደርደሪያ፣ ከአጠገቡ የእግር መታጠቢያ በርሜልና ሳሙና ቢኖር ሠራተኛው ሲገባ ይቀይራል፣ ሲወጣ ታጥቦ ይመልሳል።

የትኛው ጫማ ለየትኛው ሥራ?

በገበያ ከሚገኙት ውስጥ ለችግኝ ጣቢያ የሚስማማው የጎማ ቦት ጫማ ነው። ውሃና ጭቃ አያስገባም፣ ይታጠባል፣ ፀረ ተባይ ሲረጭም ያገለግላል። ጉድለቱ በፀሐይ ሰዓት እግርን ማፈኑና ማላቡ ነው። ያለ ካልሲ ከተደረገ ቁርጭምጭሚትና ባትን ይልጣል።

ኮንጎ ጫማ ርካሽ ነው፤ በየትኛውም የገጠር ገበያ ይገኛል። ፕላስቲክ በሚሞላበት፣ ችግኝ በሚዛወርበትና አረም በሚነቀልበት ደረቅ ቦታ በቂ ነው። ነገር ግን ብዙው ቀዳዳ ስላለው የደቀቀ አፈርና ውሃ ያስገባል። በቀይ አፈር ላይ ከጥጥ ካልሲ ጋር ይደረግ፤ ማታም እግር ይታጠብ። በፀሐይ ላይ ከተተወ ይደርቅና ከሶሉ አጠገብ ይሰነጠቃል።

ከአሮጌ የመኪና ጎማ የሚሠራው በረባሶ እሾህና ጠርሙስ በመከላከል ከሁሉም ይበልጣል፤ ዕድሜውም ረጅም ነው። የእግሩን ላይ ግን ክፍት ስለሚተወው ከአፈርና ከትል አያድንም። ከባዶ እግር ይሻላል ከማለት በላይ ልናሞግሰው አንችልም። ሸራ ጫማ ለችግኝ ጣቢያ አይመከርም፤ ውሃ ይመጣል፣ ሳይደርቅ በማግስቱ ይደረጋል፣ ክሩም በስብሶ ይበጣጠሳል። አሮጌ የቆዳ ጫማ ያለው ሰው በደረቅ ሥራ ሊጠቀምበት ይችላል።

ዋጋን በወር ማስላት

ርካሽ ዕቃ ማለት በገበያ ላይ ዝቅተኛ ዋጋ የተጠራበት ብቻ አይደለም። የግዢ ኮሚቴው የጫማውን ዋጋ በሚያገለግልበት ወር ብዛት አካፍሎ ይመልከት። የሚከተሉት ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የተሰጡ ናቸው፤ ኮሚቴው በየአካባቢው ዋጋ ይተካቸው።

ሸራ ጫማ በ600 ብር ተገዝቶ 3 ወር ቢያገለግል በወር 200 ብር ፈጀ ማለት ነው። ቦት ጫማ በ960 ብር ተገዝቶ 12 ወር ቢያገለግል በወር 80 ብር ይሆናል። ኮንጎ ጫማ በ240 ብር ተገዝቶ 4 ወር ቢቆይ በወር 60 ብር ይመጣል። ከሁለቱ ርካሾች ሸራ ጫማ የወጣው ገና በስሌት ነው።

አሁን 20 ሠራተኞች ያሉትን ጣቢያ እንውሰድ። ለሁሉም ቦት ጫማ ቢገዛ 19,200 ብር ያስፈልጋል። ውሃ ለሚያጠጡና አፈር ለሚቀላቅሉ 8 ሰዎች ብቻ ቦት፣ ለቀሩት 12 ሰዎች ኮንጎ ቢገዛ ግን ወጪው 7,680 እና 2,880፣ በድምሩ 10,560 ብር ነው። ሥራው የ4 ወር ወቅታዊ ሥራ ከሆነ ይህ አከፋፈል 8,640 ብር ያድናል። ሥራው ዓመቱን ሙሉ ከሆነ ኮንጎው በድምሩ ሦስት ጊዜ ስለሚገዛ ወጪው 16,320 ብር ይደርሳል፤ ልዩነቱም ወደ 2,880 ብር ይወርዳል። በዚህ ጊዜ በተለይ ጣቢያው ረግረግ ላይ ከሆነ ለሁሉም ቦት መግዛቱን እንመርጣለን።

አንዱን ቦት ለሁለት ሰው በፈረቃ መስጠት የገንዘብ ቁጠባ ይመስላል። የእግር ጣት ፈንገስ የሚዛመተው ግን በዚሁ ነው። ሌላ ምርጫ ከሌለ እያንዳንዱ የራሱን ካልሲ ያድርግ፤ ጫማውም በየፈረቃው ውስጡ ታጥቦ ይድረቅ።

ልክ መውሰድ

በአንድ ማኅበር የታየውን እዚህ ላይ ማንሣቱ ይጠቅማል። ነጋዴው በጅምላ ቅናሽ ስላደረገ ኮሚቴው ሁሉንም ቦት በ43 ቁጥር ገዛ። ከሠራተኞቹ የሚበዙት ሴቶች ስለ ነበሩ በጭቃው ውስጥ እግራቸው እየወጣ ቦቱ ተተክሎ ይቀር ጀመር። በሁለተኛው ሳምንት ሁሉም ወደ ባዶ እግር ተመለሱ። ቦቱም መጋዘን ገብቶ አይጥ ተራባበት። በሰነዱ ላይ ግን ማኅበሩ ለሠራተኞቹ በሙሉ ጫማ እንዳደለ ተጽፏል።

ልክ ለመውሰድ አገራችን የቆየ ዘዴ አላት፤ የእግርን ርዝመት በስንጥር ለክቶ ይዞ መሄድ። ይህ በቂ ነው፤ ሆኖም ሁለቱም እግሮች ይለኩ፣ ረጅሙ ይያዝ፣ ልኩም ከሰዓት በኋላ ይወሰድ፤ እግር ውሎ ያብጣልና። ስንጥሩ ከእግሩ ጫፍ በአንድ አውራ ጣት ስፋት ይብለጥ። በእያንዳንዱ ስንጥር ላይ የሠራተኛው ስም በወረቀት ይታሰር። ከነጋዴው ጋር በሚደረገው ስምምነት ላይም ልክ ያልሆነው ተመልሶ እንደሚቀየር ይጻፍ። ትንሽ ቁጥር አይገኝም የሚል ነጋዴ ካጋጠመ ከሌላው ዘንድ መጠየቅ ይሻላል። ልኩ የማይሆን ጫማ በነጻ ቢሰጥም ውድ ነው።

በግዢው ጊዜ የቦቱን ሶል እስኪታጠፍ ድረስ ጫን ብሎ ማየት፣ በመጋጠሚያው ላይ ስንጥቅ መኖር አለመኖሩን መመርመር፣ እጅን አስገብቶ ሽፋኑ ያልተላጠ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ቦት ጫማ በክረምት መግቢያ ላይ ሁሉም ስለሚፈልገው ዋጋው ይወጣል። በጥር ወይም በየካቲት የገዛ ማኅበር ለመደራደር ጊዜ ያገኛል።

የሥራ ልብስ

ልብስ እንደ ጫማ አያስቸግርም። ሠራተኛው በቤቱ ያለውን አሮጌ ልብስ ጠጋግኖ ሊለብስ ይችላል፤ ብዙዎቹም ይህንኑ ያደርጋሉ። ማኅበሩ መግዛት ከቻለ ግን ከተሰፋ ቱታ ይልቅ ጨርቁን በጣቃ ገዝቶ በአቅራቢያው ከተማ ላለ ልብስ ሰፊ መስጠት በብዛት ሲሠራ ይረክሳል፤ በየሰው ልክ ለማሰፋትም ያመቻል። ጨርቁ ጥጥ የበዛበት ካኪ ይሁን፤ ተትረን ብቻ የሆነ ጨርቅ ላብ ስለማይመጥ በሙቀት ያስቸግራል። የጥጥ ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት በውሃ ተነክሮ ይድረቅ፤ አለበለዚያ በመጀመሪያው አጠባ ያጥራል።

አንድ ወጥ የሆነ ቱታ ለሴት ሠራተኞች አይመችም፤ ለመጸዳዳት ሙሉ በሙሉ መውለቅ አለበት። ረጅም ቀሚስም በመደቦቹ መካከል ሲጎተት ይረጥባል፣ ችግኝም ይሰብራል። እስከ ጉልበት የሚደርስ ጋዋን ከሥሩ ሱሪ ጋር በብዙ ቦታ ተስማምቷቸዋል። ሱሪ የማይለበስበት አካባቢ ካለ ቀሚሱን በመቀነት ከፍ አድርጎ ማሰር ይቻላል። ከመቁረጥ በፊት ሴቶቹን መጠየቅ ይቀድማል፤ በግዢ ኮሚቴው ውስጥም ቢያንስ አንዲት የጣቢያው ሠራተኛ ትኑር። የነጠላ ጫፍ ውሃና ፍግ ውስጥ ስለሚነከር በሥራ ሰዓት በሻሽ ይተካ።

የሱሪ ጉልበት ቶሎ ይበላል፤ ሲሰፋ ከሸራ ቁራጭ ድርብ ይደረግበት። ከዚህም የሚረክስ ዘዴ አለ፤ ቁራጭ ጆንያ ገለባ ሞልቶ በመስፋት የሚንበረከኩበት ትራስ ማዘጋጀት። ጉልበትንም ሱሪንም ያድናል። ለዝናብ ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት የአንዱን ማዕዘን ወደ ሌላው አስገብቶ እንደ ቆብ ማጥለቅ የታወቀ ነው። ከረጢቱ አስቀድሞ በደንብ ይታጠብ፤ የማዳበሪያ ትራፊ እርጥብ ቆዳን ያቃጥላል። የፀረ ተባይ መያዣ ግን ቢታጠብም ለምንም አገልግሎት አይውል።

ከውጭ የሚመጣ ልባሽ ጨርቅ በገበያ ረክሶ ይገኛል። ይሁን እንጂ ያገለገለ ልብስ ማስገባት የተከለከለ ስለሆነ ለማኅበር ግዢ አይሆንም፤ ደረሰኝ የለውም፣ ሒሳብ መርማሪም አይቀበለውም። ደረቅ አፈር ሲነፋ አፍንጫና አፍን በጨርቅ መሸፈን፣ ከሁሉም በፊት አፈሩን ውሃ ረጭ አድርጎ አቧራውን መቀነስ ይገባል። ጓንት ፍግና ብስባሽ ሲገለበጥ ያስፈልጋል። ችግኝ ሲዛወር ግን ጣት ሥሩን መዳሰስ ስላለበት ጓንት ያውካል፤ እዚያ ላይ ሳሙናና ውሃ ይበቃል።

ፀረ ተባይ በሚረጭበት ጊዜ

እስካሁን የተነገረው ቁጠባ እዚህ ላይ ይቆማል። ረጪው የራሱ ልብስ ይኑረው፤ እንዳይቀላቀልም ከሌላው በቀለም የተለየ ይሁን። የሱሪው እግር ከቦቱ ውጭ ይውረድ፤ ወደ ውስጥ ከገባ የሚንጠባጠበው መድኃኒት ቦቱ ውስጥ ይጠራቀማል። የጥጥ ጓንት መድኃኒቱን መጥጦ እጅ ላይ ስለሚያቆይ ከባዶ እጅ አይሻልም፤ መድኃኒት የማያሳልፍ የላስቲክ ጓንት ይገዛ። በአፍንጫ ላይ የሚታሰር ጨርቅም ለዚህ ሥራ መከላከያ አይደለም፤ በመድኃኒቱ መያዣ ላይ የታዘዘው ይደረግ። የቆዳ ጫማ መድኃኒት ከመጠጠ በኋላ ታጥቦ ስለማይጠራ ለርጭት አይሁን። ልብሱ በጣቢያው ከቤተሰብ ልብስ ተለይቶ ይታጠብ። ረጪው ይህን ልብስ ለብሶ ቤቱ ገብቶ ልጅ ካቀፈ ጉዳቱ ለልጁም ይተርፋል።

ወጪው የማን ነው?

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ ለሠራተኞቹ የአደጋ መከላከያ መሣሪያና አልባሳት ማቅረብ፣ አጠቃቀሙንም ማስተማር አለበት። ማኅበሩ የቀን ሠራተኛ ቀጥሮ ሲያሠራ አሠሪ መሆኑን አንዳንድ ጊዜ ይዘነጋል። ጫማውን ሰጥቶ ዋጋውን ከቀን ደመወዝ በየሳምንቱ የሚቀንስ ጣቢያም አጋጥሞናል። ሠራተኛዋ በሦስተኛው ሳምንት ጫማውን መልሳ «ገንዘቤን ስጡኝ» አለች፤ ልጇ ደብተር ያስፈልገው ነበር። ፍርዱ ለእርሷ ነው።

ወጪውን ማኅበሩ የሚችለው በችግኝ ዋጋ ውስጥ ሲያስገባው ነው። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ ጣቢያው 100,000 ችግኝ የሚያፈላ ቢሆን 10,560 ብሩ በአንድ ችግኝ ላይ ከ11 ሳንቲም አይበልጥም። የልማት ሠራተኛው የዓመቱን ዕቅድ ሲያዘጋጅ ይህን ስሌት በራሱ ቁጥር ሠርቶ ለማኅበሩ ኮሚቴ ያቅርብ።

አያያዝና ጥገና

ቦት ጫማ ማታ ውጭውም ውስጡም ታጥቦ በተተከለ ችካል ላይ ተገልብጦ በጥላ ይድረቅ። እሳት አጠገብ ወይም ፀሐይ ላይ ከደረቀ ጎማው ይሰነጠቃል፤ ናፍጣና ቤንዚን ከነካውም ይለሰልሳል። ጠዋት ከመጠለቁ በፊት ተገልብጦ ይራገፍ፤ ጊንጥና እባብ ሊገቡበት ይችላሉ።

የተቀደደ ቦት አይጣል። በአቅራቢያው ያለ ጎሚስታ የብስክሌት ወይም የመኪና ካላማዳሪያ ቆርጦ እንደሚለጥፈው ሁሉ ቦቱንም ይለጥፈዋል። ቦታው በደንብ ታጥቦና ደርቆ በአሸዋ ወረቀት ይፋቅ፤ ማስቲሹ ጥቂት እስኪደርቅ ተጠብቆ ይለጠፍ። ከዚያ ውሃ ሞልቶ ማፍሰስ አለማፍሰሱን ማየት ይቻላል። አንገቱ ላይ የተቀደደው ደግሞ ከቁርጭምጭሚት በላይ ተቆርጦ ለደረቅ ሥራ አጭር ጫማ ይሆናል። ሶሉ የተበሳ ቦት ግን ለርጭት ሥራ ፈጽሞ አይመለስ።

ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ ካርድ ይዘጋጅ። ስም፣ የጫማ ቁጥር፣ የተሰጠበት ቀን፣ የተጠገነበት ቀን፣ የተተካበት ምክንያት ይጻፍበት። ካርዱ ሠራተኛውን ለመክሰስ አይደለም። በዓመቱ መጨረሻ የትኛው ጫማ ስንት ወር እንዳገለገለ ከዚያ ላይ ይነበባል፤ በሚቀጥለው ጥር የሚደረገው የወር ስሌትም በግምት ሳይሆን በዚያ ጣቢያ አፈር ላይ በታየው ዕድሜ ይሠራል።